የሙዘይን ትከሻ

ስለ ሙዘይን ክንድ ሌላው ያውራ ሌላው፤
እኔ የማውቀው ግን ከቆዳው በታች ነው።
ሬዲዮው «መድፍ» አለው፣ ጋዜጣው «ወንጭፍ»፤
እኔ ግን ዳስሻለሁ የአጥንቱን ጫፍ።
ወጌሻ ነበርኩኝ የአዌቱ ቡድን፣
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ያሸሁ ክንዱን፤
በኑግ ዘይት፣ በሞቀ ፎጣ፣
በጋም ክረምትም ዝናብ ሲመጣ፤
ጅማ ላይ መች ቀርቶ ዝናብ የማይመጣ!

ሲጀምር ልጅ ነበር፣ ሄርማታ ገበያ፣
አይሱዙ ሲራገፍ ከጉሊቱ ወዲያ፤
ከላይ ብርቱካኑ እንደ በረዶ ሲጣል
እሱ ከታች ቆሞ ሁለት ሁለት ይቀልባል።
የበሰበሰች ስትመጣ መልሶ ይወረውራት ነበር፣
ከመንገዱ በላይ፣ አዌቱን አሻግሮ፣ ከማዶው ሣር።
አሠልጣኝ ወልደሰንበት ብርቱካን ሊገዛ ወጥቶ
ብርቱካኑን ረሳና በረኛ ይዞ መጣ ጎትቶ።

የመጀመሪያው ቀን ጓንቱ የተውሶ ነው፣
የቀኙ አውራ ጣት በክር የተያዘው።
ሜዳው ጭቃ ነበር። ኳሷን እንደያዘ
ቀና አለ፣ ማዶ አየ፣ ወደ ኋላ መዘዘ፣
ወረወረ።
የመሃሉን መሥመር አልፋ፣ ያን ሁሉ ሰው አልፋ፣
አጥቂያችን እግር ሥር እንደ ድመት ተኛች አርፋ።
ሰው ለአንድ አፍታ ዝም። ከዚያ ያ ሆታ
ተመልሶ መጣ ከጅሬን ኮረብታ።

ከዚያ ወዲያ ያለውን እናንተ ታውቃላችሁ፣
ስሙን ለባጃጅ፣ ለሻይ ቤት፣ ለልጅ የሰጣችሁ።
በሁለተኛው ዋንጫ፣ በዘጠናኛዋ ደቂቃ
ፍጹም ቅጣት ምት አዳነ፣ ፊቱን ሸፍኖት ጭቃ፤
ተነሣ፣ ወረወረ፣ አጥቂው አገባት፤
ከጎል እስከ ጎል አሥር ሰከንድ አልሞላት።
አዲስ አበባ ወሰደው፣ በሦስት እጥፍ ደመወዝ፤
ተመለሰ አንድ ክረምት፣ ዣንጥላ እንኳ ሳይዝ።
«እዚያ ሜዳው ደረቅ ነው፣ ኳሱ ይነጥራል» ብሎ ሳቀ፤
ትከሻው ግን ሲስቅ ባንድ ጎን ወደቀ።

እኔ ያንን አየሁ።

ለአጥቂ ሁሉ እጅ ያልሰጠ፣ ያ ኩሩ በረኛ፣
ማታ ማታ ለኔ እጅ ይሰጣል፣ እንደ በሽተኛ።
ጣቶቼ ትከሻው ሥር ጠልቀው ሲገቡ፣ አሸዋ ነው፤
እንደ በር ማጠፊያ፣ ዝገት እንደበላው።
«ስንት ጊዜ ቀረው?» አለኝ፣ ዓይኑን ከግድግዳው ሳያነሣ።
ምን ልበለው እንግዲህ፣ ዘይቱን ይዤ በጣሳ?
«ለመወርወር ነው ወይስ ሸሚዝ ለመልበስ?» አልኩት። ሳቀ፤ አልሳቀም።
«ለማንም አትንገር» አለኝ። አልነገርኩም።
ይኸው ነው በደሌ። አጥንት እየጠገንኩ
እውነቱን ሰበርኩት፤ አሽቼ ሸፈንኩ።

የመጨረሻው ቀን ሰኔ ነው፤ ሰማዩ የረጠበ ከሰል፤
ሰዉ «ወርውር! ወርውር!» ይላል፣ ክንድ የማይደክም ይመስል።
ኳሷን ይዞ ቆመ። ክንዱን ወደ ኋላ ወሰደው።
ያንን ድምፅ እኔ ብቻ ሰማሁት፣ ከአግዳሚው።
ከዚያ ጎንበስ አለ፤ ኳሷን እንደ እንቁላል
ሣሩ ላይ አኑሮ ቀስ ብሎ ያንከባልላል።
ፉጨት ሆነ። ከተመልካቹ መሃል አንዱ
የብርቱካን ልጣጭ ወረወረ፤ ደህና ነበር ክንዱ።

አሁን ሄርማታ ነው፤ የራሱ መደብ አለው፤
ብርቱካን፣ አናናስ። ሚዛኑን በግራው ነው የሚይዘው።
ሒሳቡን ልጁ ኒዕማ ትጽፋለች፣
«አባዬ፣ አትወርውር» እያለች ትቆጣለች።
ባለፈው ሐሙስ ሳልፍ «ወጌሻ!» ሲል ሰማሁ፤
ዞር አልኩ፤ ብርቱካን በግራው ሲልክ አየሁ።
እጄን ዘረጋሁ፣ ያን ሁሉ መገጣጠሚያ የሚያውቀውን እጄን፤
አልፋኝ ቦዩ ውስጥ ገባች፣ አስቃብኝ ሰፈሩን።
«አጥንት ነው እንጂ የምትይዘው፣ ሌላ አይሆንልህም!»
ሁለተኛዋን ግን አልወረወራትም፤
ጠጋ ብሎ ሰጠኝ፣ እጅ በእጅ።
እስከ ዛሬ አልላጥኳትም።