የጨው ችሎት

ኢዛር ወንዝ ዳር፣ ሙኒክ፣ መስታወት የለበሰ ቤት፤
ከደጁ ካፖርቴን አውልቄ ሰጠኋት፣
ልብስ ጠባቂዋ ቁጥር አሰረችለት።
ሦስት መቶ ሰባት፤ አንዷ ፕላስቲክ ለእኔ፣ አንዷ ለካፖርቴ።
«እዚህ ቁጥር ያለው አይጠፋም» አለችኝ፣ አይታ ማመንታቴን።
ዝም አልኩ።
ቁጥር የሰጠኋቸው ናቸው የጠፉብኝ፣
ደብተሩ ነው የቀረኝ።

ሦስተኛ ፎቅ። ውሃ በጠርሙስ፣ ወንበሩ በረድፍ፣
አስተርጓሚ በመስታወት ጎጆ፣ የሦስት ዳኛ አፍ።
የኩባንያው ጠበቃ፣ ዶክተር ፎግልዛንግ፣ ክራቫቱን አቃንቶ፣
ስለ ጨው ተናገረ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ፣ ለስልሶ፣ ረግቶ።
መድኃኒቱ የቆየ ነው፤ እሱንስ አልካደም፤
«አሲድ ጨመርንበት፣ ጨው ሆነ፣ ቢከርምም አይበላሽም፣
ከእኛ በፊት ይህን ያሰበ አልነበረም።
ጨዉ የእኛ ነው፣
ሃያ ዓመት እስኪሞላው።»

ጨው!
ቅድመ አያቶቼ ከበረሃ ጠርበው፣
በግመል ጭነው፣ በጠፍር ጠፍረው፣
በአሞሌ ሸምተው፣ በአሞሌ ድረው፤
ዝናብ የነካበት ከስሮ፣ የሰበረው ከስሮ፣
ጨውነቱን ግን ማንም «የእኔ» አላለም አጥሮ።

«ለራስህ ስትል ጣፍጥ» እንላለን ለጨው፤
አስተርጓሚዋ ብትሰማኝ በጀርመንኛ ምን ትለው?
አልተጠየቅሁም። የኋላ ወንበር ነው የተሰጠኝ፣
የመናገር ፈቃድ የለኝ።

ሻሸመኔ፣ ዘጠና አራት፤ የመድኃኒት ቤቱ ቁልፍ በእኔ እጅ።
ለዘጠኝ ሰው የሚሆን ክኒን መጣ፤ መቶ አሥራ ስድስት ሰው ቆሟል ደጅ።
ኮሚቴ ተቀመጥን። «ልጅ ያላት ትቅደም» ተባለ፤ ሁሉም ልጅ አላቸው።
«የባሰበት ይቅደም» ተባለ፤ «የባሰባቸውማ አይተርፉም፣ ተዋቸው።»
በመጨረሻ የሐኪሙን ባርኔጣ ገለበጥን፣
እጣ አወጣን።

ትርንጎ የወፍጮ ቤት መዛኝ ነበረች፣
ሚዛን አጉድላ የማታውቅ፤ እጣው ሳታት፣ አርባ አንደኛ ቀረች።
«የወር ዋጋው፣ በጤፍ ቢሆን፣ ስንት ኩንታል ይሆናል?» አለችኝ።
ነገርኳት። ሳቀችብኝ።
«ያን ያህልማ ወፍጮውም አይፈጭ፤ ድንጋዩ ያልቃል።»
በጥቅምት ቀበርናት።
ርካሹ ክኒን በካርቶን ሊመጣ ገና ሁለት ክረምት ይቀራል።

ሊቀመንበሩ መነጽሩን አውልቆ፣ እየወለወለ፣
«ዋጋና ሞት የዛሬ ጥያቄ አይደለም» አለ፤
«ጥያቄው አንድ ነው፤ ጨዉ አዲስ ነው ወይ?»
ሞት አሮጌ ስለሆነ ነው መዝገብ የማይገባው ወይ?

ከተቃዋሚ ወገን ፀጉረ ነጭ ኬሚስት፣ ፍራው ኦበርማየር፣ ተነሳች፣
ጠርዙ የነተበ መጽሐፍ ገለጠች፤
«ይህን አሲድ ከዚህ ጋር ማጋባት የሁለተኛ ዓመት ትምህርት ነው።
አስተምሬዋለሁ። ከክፍሉ ግማሹ ተኝቶ ነው ያለፈው።»
አዳራሹ ሳቀ። ጠበቃውም ሳቀ።
ሳቁን ልጠላው ስል አፌ ቀድሞኝ ተፈለቀቀ።

አሥር ሰዓት ከሩብ፦ «ፓተንቱ ተሰርዟል።»
አንዱ አቀፈኝ። አንዷ አለቀሰች። ጉልበቴ ይንቀጠቀጣል።
ጠበቃው ወረቀቱን ወደ ቦርሳው እየመለሰ፣ ሳይከፋው፣
«ይግባኝ እንላለን፤ እስከዚያ ስረዛው አይጸናም» አለ። ሕጉ ነው።
«እስከዚያ ስንት ነው?» አልኩት የጎኔን ሰው።
«ሁለት ዓመት። ምናልባት ሦስት።»
ሁለት ክረምት፣ አልኩ በልቤ።

ካፖርቴ ተመለሰልኝ። ቁጥሩም ልክ ነው።

ባቡር ጣቢያ ገመድ የመሰለ ዳቦ ገዛሁ፤ ጀርባው ላይ ጨው ዘርተዋል፣
ፍሬው ነጭ፣ ደረቅ፤ ትክ ብዬ ሳየው ክኒን ይመስላል።
በጥፍሬ እያነሳሁ ናፕኪን ላይ ደረደርኩት፣
እጄ የለመደው ነው፤ በአምስት በአምስት ቆጠርኩት።
ሠላሳ ሞላ።
የአንድ ሰው፣ የአንድ ወር።
ባቡሩ መጣ። ጨዉን ጠቅልዬ ኪሴ ከተትኩት፤
ዳቦውን ቆሜ በላሁት።
አልጣፈጠም።