ትርፍ ትንፋሽ

ከሌሊቱ አሥራ አንድ፣ ሃምቡርግ ሳይነጋ፣
ቀበቶዬን ፈትቼ ወደ በሩ ስጠጋ፣
ሻንጣዬ ከማሽኑ ግማሹ እንደወጣ
ላስቲኩ ቀጥ አለ፤ ከኋላዬ አንድ ሰው ተቆጣ።

"ይህ የማን ነው?" አለች፣ ጓንቷን እያጠለቀች፣
ወይዘሮ ብሪንክማን፤ ስሟን ደረቷ ላይ ሰክታለች።
"የእኔ ነው።"
ጎትታ አወጣችው፤ አንገቱን አነቀችው፤
እንደ ታረደ ዶሮ ወደ ላይ አንጠለጠለችው፤
ሆዱን ዳበስ አድርጋ ጎኑ ላይ አገኘችው፦
አውራ ጣት የምታህል፣ ቀዝቃዛ፣ ነጭ ብረት።

"ጋዝ!"
ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ሰልፉ ሸሸት አለ፤
ልጅ ያቀፈ አባት ጀርባውን ሰጥቶ ልጁን ከለለ።

"አይነድም" አልኋት፤ "ለስላሳ ስትከፍቺ
ፍስስ የሚለው እሱ ነው፤ ትጠጪዋለሽ አንቺ።
ሰው ባሕር ሲወድቅ፣ ክኒኗ ስትቀልጥ፣
መርፌ ይወጋዋል፤ ይነፋል፣ ሰውየው እንዳይሰምጥ።
አንዱ የተገጠመ ነው፤ አንዱ ትርፍ ነው" አልኋት፤
"ፈቃድም አለኝ" ብዬ ወረቀት ዘረጋሁላት።
ደብዳቤውን ራሱ አየር መንገዱ ነው የጻፈው፤
"ሁለት" የሚለውን ቃል ግን አታሚው ገደፈው፤
ቀለሙ አልቆ ነበር፣ ከቤቴ በታች ባለው ሱቅ።

ስልክ ደወለች። አለቃዋ መጣ። እሱም ደወለ።
አንድ ጢማም ፖሊስ መጥቶ፣ አይቶ፣ "እህም" ብሎ ሄደ፤ ሌላ ምንም አላለ።
በዚህ መሃል ጠየቀችኝ፤ ለወግ እንጂ ለክፋት አይደለም፦
"አገርህ የት ነው?"
"ኢትዮጵያ።"
"እዚያ ባሕር አለ?"
"የለም።"

ባሕር የሌላት አገር ባሕር ዳር የሚባል ከተማ አላት፤
ይህን በጀርመንኛ እንዴት አድርጌ ልንገራት?
አባቴ ታንኳ ሠሪ ነበር፤ ደንገሉን አጭዶ፣ አድርቆ፣
በልጥ ይጠፍረዋል፣ በጉልበቱ ተጭኖ፣ አጥብቆ።
ጥቂት ወር ትንሳፈፋለች፤ ከዚያ ውሃ ትጠጣለች፣
ትከብዳለች፤ ዳር ላይ ተጥላ ትበሰብሳለች።
ማንም ግን "ጋዝሽ የት አለ? ወረቀትሽስ?" ብሎ አልጠየቃት፤
ትንፋሿ በየአገዳው ነው፤ ማን ፈልቅቆ ያውጣባት?

ተፈረደ። ጃኬቱ ይለፍ፤ ጋዙ ግን ይቅር።
ብሪንክማን እንደ ወላቃ ጥርስ አዙራ ነቀለችው፤ ትርፉንም ጭምር፤
ከመቀስ፣ ከሽቶ፣ ከአንድ ማሰሮ ማር
አጠገብ ጣለችው። "ይቅርታ" አለችኝ። ከልቧ ነበር።

ሳንባ አልባ ጃኬቴን ታቅፌ ገባሁ፤
ሃያ ሁለተኛው ረድፍ፣ መስኮቱ ሥር ተቀመጥሁ።
የምሄደው ስፕሊት ነው፤ የአቶ ቪንኮን አሮጌ ጀልባ
በመጋቢት ነፋስ እስከ ትሪየስት ላደርስ።
ዋና ላይ እንኳ እምብዛም ነኝ።
ጃኬቱን የሰጠኝ ኤኖ ነው፣ ጡረተኛው መርከበኛ፤
"እንዳይነፋ ያድርገው" ብሎ መረቀኝ፣ ልክ እንደ እኛ
አገር ሽማግሌ።

አስተናጋጇ ቆማ ቢጫ ጃኬት አጠለቀች፤
"ከመቀመጫችሁ ሥር ነው፤ ገመዱን ሳቡ" እያለች
ፈገግ አለች።

እጄን ከሥሬ ላክሁ። ከረጢቱን ዳበስሁት።
አውራ ጣት የምታህል፣ ቀዝቃዛ ብረት።
ከጎረቤቴም ሥር። ከአባትየው፣ ከልጁም ሥር።
መቶ ሰማንያ ወንበር፣ መቶ ሰማንያ ጋዝ ታቅፈን ስንበር
ከታች አልፕስ ነበረ፤ በረዶ፣ ገደል፣ ጥድ፤
አንድ ሰው የሚያሰምጥ ኩሬ እንኳ የለም በመንገድ።

ብቻዬን ሳቅሁ።
አጠገቤ ያለችው ሴት መጽሐፏን ወደ ራሷ ሳብ አደረገች።

ስፕሊት፣ ወደቡ ዳር ካለ ሱቅ አዲስ ገዛሁ፤
ሠላሳ ስምንት ዩሮ።
በእጄ መዘን አድርጌ ኪሴ ጨመርሁ።
"ትርፍስ?" አለ ባለሱቁ፣ መነጽሩን ገፋ አድርጎ።
"ስንት ይፈቀዳል?" አልሁት።