ባልዲው

ከጀልባ ማቆሚያው ጀርባ፣ የቆርቆሮ ክፍል አለኝ፤
ማታ ማታ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ፣ መብራት ካልከዳኝ።
ተማሪዎቼ ጀልባ ነጂ፣ አስጎብኚ፣ አልጋ አንጣፊ፣
አንድ ጡረተኛ ፖሊስ፣ የድሮ ማመልከቻ ጸሐፊ።
ከኋላ ወንበር እንድሪስ፣ ታንኳ ሠሪ ከአያት ከአባቱ፣
ደንገል የላጠው ጣቱ፣ ደብተሩ ሁሌ በብብቱ።

በዚያ ሳምንት ፈሊጥ ነበር፤ ቃሉ አንድ፣ ፍቺው ሌላ።
«ድመትና ውሻ ዘነበ» ስል፣ ክፍሉ በሳቅ ተሞላ፤
«ታዲያ ማን ይለቅማቸዋል?» አለች ጥሩሰው ቀጥላ።
«የኬክ ቁራሽ» ማለት፣ ቀላል ነገር ነው አልኳቸው፤
የኬክ ዋጋ ያውቃሉና፣ «ቀላል» የሚለው ከበዳቸው።
እኛስ? አልኩ፤ «ቆሽቴ አረረ» ስንል፣ የት አለ እሳቱ?
«ልብ ግዛ» ሲሉንስ፣ ወዴት ነው መሸጫ ቤቱ?

ሰዓቱ ሲያልቅ አንድ ቀረኝ፤ ሰሌዳው ጥግ ላይ ጻፍኩት፦
«ባልዲውን ረገጠ»። «ሞተ ማለት ነው» ብዬ ፈታሁት።
ሁሉም ተነሣ። እንድሪስ ብቻ፣ በቀይ እስክሪብቶ አሰመረበት።

ነሐሴ ገባ። ሐይቁ አበጠ፤ ነፋሱ ከደቅ በኩል መጣ፤
እንድሪስ ሁለት ሳምንት ቀረ፤ ስሙ ላይ «ቀሪ» አልኩ፣ በቁጣ።

በሦስተኛው ሰኞ መጣ። እግሩን ከደጅ ጠረገ፤
ጥያቄ እንደሚመልስ ልጅ፣ እጁን ወደ ኋላ አደረገ።
በእንግሊዝኛ፣ አንድ ፊደል ሳይስት፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣
«ወንድሜ ከድር ባልዲውን ረገጠ» አለኝ፣
ቃሉን ከሰሌዳው ጥግ ፈልጎ።

ፈረንጅ ይህን ሲል ይስቃል፤ ቀልድ ነው፣ የመጠጥ ቤት ወሬ፤
ፍቺውን ብቻ ሰጥቼው፣ ክብደቱን ደብቄ ኖሬ።
አስጎብኚው ያውቅ ነበር፤ እሱም አንገቱን ደፋ፤
ጥሩሰው ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች፤ የሁሉም ድምፅ ጠፋ።

ከዚያ በአማርኛ ነገረን። ከድር፣ የአባቱን ታንኳ አቃሎ፣
አሮጌ የጣውላ ጀልባ ገዛ፣ ከዘጌ ማገዶ ላምጣ ብሎ።
ደንገል ቢበሰብስ እንጂ፣ መስመጥ የት ያውቃል?
ጣውላ ግን አንዴ ከተሰነጠቀ፣ ሐይቁን ቤቴ ግባ ይላል።
ውኃ ሲቀዳ፣ ሲደፋ፣
ሲቀዳ፣ ሲደፋ መሸ።
ነጋ፤ ባልዲው ብቻ፣ ባዶውን፣ ወደ ዳር ሸሸ።

«መምህር፣ ይህን ቃል ያወጡት» አለኝ፣ «የማን ወንድም ሰምጦባቸው ነው?»
አላውቅም። መጽሐፌ የሚሰጠው፣ ፍቺውን ብቻ ነው።

ጠመኔ አነሣሁ። ከሰሌዳው ጥግ፣ በአማርኛ «አረፈ» ብዬ ጻፍኩ።
ሌሊቱን ሙሉ ውኃ ለቀዳ ክንድ፣
ይህም ፈሊጥ ነው ማለት አቃተኝ፤ ቁጭ አልኩ።