ውሉ እንዳይጠፋ

ናሃሪያ፣ ሌሊት፣ ከመሬቱ በታች፣
አስናቁ ነርሲቱ ጓንቷን አጠለቀች።
በአልጋ ሰባት ላይ ስም የለሽ ቁስለኛ።
«ከድንበር ማዶ ነው፤ አይደለም የእኛ»
ይላል ወታደሩ በሩን ተደግፎ፣
የገዛ ወንድሙ ትናንትና አልፎ።

መልስ አልሰጠችውም፤ ክሩን ስትፈታ፣
ውሉ እንዳይጠፋባት፣ መርፌዋን አቅንታ።

ጄኔቭ ላይ የጻፉት የመንግሥታት ውል፣
ማኅተሙን ታቅፎ መሳቢያ ውስጥ ቢውል፣
ሌሊት እዚህ ያድራል፤
ጠላት በተባለ ሥጋ ላይ፣
አንድ… ሁለት… አምስት ስፌት ሆኖ ይቆጠራል።

ድንገት መብራት ጠፋ።
ወታደሩ ስልኩን ከኪሱ አወጣ፣
ቁስሉ ላይ አበራ፤ ፊቱ እንደ ተቆጣ፣
«ቶሎ በይ» አላት፣ «ውሉ እንዳይጠፋሽ።»