የድንጉላው ባልደራስ

በጋዜጣው ጥግ ላይ፣ ከሱፍ ዋጋ በታች፣
ከአንዲት ማስታወቂያ፣ «ላሜ የት ጠፋች»፣
ስሙ ታትሞ ወጣ በደማቁ ቀለም፤
የኔ ስም ግን የለም።

«ነጎድጓድ ዘላናርክ። ዳማ፤ አራቱም እግሩ ነጭ፤ ቁመቱ አሥራ ሰባት ጋት።
ከስኮትላንድ በመርከብ የመጣ። በዚህ ጸደይ የታይሪን ሜዳ ይዞራል፦
ሰኞ ወፍጮ ቤቱ፣ ማክሰኞ ድልድዩ፣ ረቡዕ ላይኛው መንገድ፣
ሐሙስ ከሐይቁ ዳር፣ ዓርብ ከቄሱ መስክ።
ዋጋ ለአንዲት ባዝራ ሦስት ጊኒ፤ ለባልደራሱ አምስት ሽልንግ።
ባዝሮች በጥንቃቄ ይያዛሉ፤ ለሚደርሰው አደጋ ግን ኃላፊ አይደለንም።
ባለቤት፦ ማክሮሪ።»

ባልደራሱ እኔ ነኝ። ልጓሙን ይዤ
ከመስከረም ወዲህ በጭቃ ተጉዤ።
ለእሱ የተከካ ገብስ፣ የሞቀ ብርድ ልብስ፤
ለእኔ ቀዝቃዛ ሻይ፣ እስኪነጋ ድረስ።

የቄሱ ሚስት ስታየን መስኮቷን ትዘጋለች፤
ቆይታ በቀዳዳው ዋጋውን ትጠይቃለች።
መበለቷ ኤፊ ግን አትሸሽም፣ አታፍር፤
የባሏን ቦት ጫማ አጥልቃ፣ ቆማ ከአጥሩ ሥር፣
የባዝራዋን አንገት አቅፋ «አይዞሽ ልጄ» ትላለች።
ሦስት ጊኒ ከየት ታምጣ? ጆንያ ድንች አቀረበች።
ማክሮሪ ጥሬ ገንዘብ ይላል። ድንቹን እኔ በላሁ፤
ዕዳዋን በእርሳስ ጻፍኩ፣ እርሳስ እንደሚጠፋ አውቃለሁ።

ዘሩን በቃሌ ነው እንደ ዳዊት የምደግም፦
አባቱ «ጥቁር ጦር»፣ አያቱ «የንጉሥ ህልም»፣
ቅድመ አያቱ ደግሞ ሩቅ ባሕር ማዶ
ሦስት ሜዳሊያ አጥልቆ ሞተ አሉ በበረዶ።
እስከ ሰባት ቤት ድረስ አንድ ስም አልጎደለ፤
ገበሬው ኮፍያውን ያወልቃል፣ «አቤት ዘር!» እያለ።
ከዚያ ያ ሁሉ ሐረግ፣ ያ ሁሉ ክብርና ወግ
በሁለት ደቂቃ ያልቃል፤ ወዲያው ሣር ነው የሚፈልግ።

የእኔን አባት ስም የሚጠይቅ ከመጣ፣
ዳንዲ ከተማ ያለ የድሆች መዝገብ ይውጣ፤
እዚያ ገጽ ላይ አለች አንዲት ባዶ መስመር፤
ጸሐፊው ቀለሙን ቆጥቦባት ነበር።

ሐሙስ ዕለት ቲፔኔ፣ የሐይቁ ዳር ሰው፣
ግራጫ ባዝራውን ይዞ መጣ። ዋጋውን ጠየቀ። ምን ልበለው?
ማክሮሪ «ለማኦሪ አራት በል» ብሎኛል።
አራት አልኩት። ሳቀ። «ፈረስህ ይገርማል፤
እስቲ ዘሩን ጥራ።» ሰባቱን ቆጠርኩለት።
«ሰባት ብቻ?» አለኝ፣ ከልቡ እያዘነለት።
ከዚያ የራሱን ጀመረ፤ ዓይኖቹን ከድኖ፣
አባት በአባት ላይ፣ ተራራው ምስክር ሆኖ፣
ወንዙን ዘመድ ብሎ፣ ታንኳይቱን ጠርቶ፣
ጀንበር እስክትጠልቅ ድረስ ስም በስም ላይ ገንብቶ፣
ይህ የቆምንበት መስክ፣ ማክሮሪ ያጠረው፣
መሐል ላይ አንድ ቦታ፣ አክስት ሆኖ ተጠራ በስሙ ነው።

«አንተስ?» አለኝ ከዚያ፣ «የማን ልጅ ነህ አንተስ?»
የምመልሰው አጣሁ። እኔ የማውቀው የፈረስ።

ዝም ተባባልን። የደረቀ ዓሣ ቆርሶ ሰጠኝ።
ደብተሩ ላይ «ሦስት» ብዬ ጻፍኩ። ማክሮሪ ቢቆጣ፣
«አራት ያልከኝ ቀን ነፋስ ነበር» እላለሁ፣ «ድምፅህ አልመጣ።»

በዓመቱ ስመለስ፣ በየመስኩ ዳር
እግረ ነጭ ውርንጭሎች ሲቦርቁ ነበር፤
ማክሮሪ ከሠረገላው ሆኖ በጣቱ ይቆጥራል፦
«ሦስት፣ ስድስት፣ ዘጠኝ»፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል።
አንዲት ግን፣ አንድ እግሯ ብቻ ነጭ፣ ከቲፔኔ ግቢ ወጥታ
መዳፌን ላሰችው፣ የላቤን ጨው ሽታ።
«ስሟስ?» አልኩት። ቲፔኔ ከአጥሩ ሥር ቆሞ፣
«ትሩጥ መጀመሪያ፤ ስም ይመጣል ከርሞ።»

«ዘር ከልጓም ይስባል» ይላል የሰው ተረት።
ነጎድጓድ ሳበኝ ወደ ቀጣዩ ቤት።
ነገ ዓርብ ነው። የቄሱ ሚስት መስኮቷን ትዘጋለች።