ውስጥ ለውስጥ

ከጅረን ቁልቁለት ፍሬኑን ስረግጠው፣
ፔዳሉ ወረደ፣ ወለሉ ሊውጠው።
በማርሽ፣ በጸሎት ሂርማታ ደረስሁኝ፣
ጎማዬን በድንጋይ ነጂብ ደጅ አስያዝሁኝ።

«ዘይቱ አልጎደለ፣ ጎማው ሁሉ ደረቅ፣
ከየት ነው የሚፈስ?» አልሁት ስጨነቅ።
«ረግጠህ ቆይ» አለኝ፤ ረግጬ ብጠብቅ፣
እንደ ደከመ ሰው ቀስ... ቀስ እያለ ዝቅ።

«ማስተሩ ነው» አለ፤ «ጎሚኒው ተበልቷል፤
ውጭ ጠብ አይልም፣ ውስጥ ለውስጥ ያመልጣል።»

የሚስቴን ዝምታ የነገርሁት መስሎኝ
ደነገጥሁ። እሱ ግን «ስምንት ቁልፍ!» አለኝ።

አዲስ ጎሚኒ ገብቶ፣ «ርገጥ! ያዝ! ልቀቅ!» ሲል፣
አየሩ በቱቦ አረፋ ሆኖ ሲኮበልል፣
መሸ።
ጠጠር ያለ ነገር እግሬን ተቀበለው፣
ከግማሽ ሳያልፍ «በቃ» የሚል አለው።

ሂሳቡ በዱቤ፤ ጉዞው በዝግታ፤
ምን ብዬ ልጠይቃት ከእራት በኋላ ማታ?