ቀኝ ፍሬን ይጎትታል

አሮጌው ኡርሱሴ፣ ሠላሳ ፈረሱ፣
ድንጋያማው ማሳ ላይ ሲሰማኝ ማልቀሱ
አልፈረድኩበትም። ዕድሜም ጭነት ነው፤
አርባ ዓመት አርሶ ምን የቀረ ዕዳ አለው?

ጎረቤቴ ዜኖን ቢያሊስቶክ ገባና፣
መሬቱን በኪራይ ጥሎልኝ ሄደና፣
ሃያ የነበረው ሄክታር ስልሳ ሆነ፤
የበሬ ግንባሬ ባንድ ሌሊት ገነነ።
ትንሹ ሲስበው ባለ አራት ጥርስ ማረሻ፣
የፊት እግሩን አንሥቶ ቆመ እንደ ውሻ።
"ትልቅ ያስፈልጋል" አለችኝ ሉትሲና፤
"አዲስ ግን አይታሰብ፣ ባንክ አለብንና።"

የካቲት ሲጋመስ፣ በረዶው ሳይቀልጥ፣
ከገርቫዚ ጋራ ወጣን ትልቅ ልንመርጥ።
ገርቫዚ የእህቴ ባል፣ ቃሉ በቁጥር ነው፤
መካኒክ ነው፤ ከሰው ይልቅ ቡሎን ነው የሚያምነው።

የመጀመሪያው ሻጭ፣ ከሶኩውካ መግቢያ፣
ሜዳውን ሞልቶታል፣ የብረት ገበያ።
አንዱ ቀይ፣ የሚያብረቀርቅ፣ መቶ ሃያ ጉልበት፣
ተኩሎ ቆሟል እንደ ሙሽሪት።
"ሦስት ሺህ ሰዓት ብቻ ነው የሠራው" አለን፤
ቆጣሪውን በጣቱ እየነካ አሳየን።
ገርቫዚ ዝም አለ። ጓንቱን አወለቀ፤
መዳፉን ከሞተሩ ጎን ለጠፈና ሣቀ፤
"እኛ ሳንመጣ ማን አሞቀው?" ሲል ጠየቀ።
ሻጩ ስለ ብርዱ አንድ ነገር አጉረመረመ።
ገርቫዚ ወደ ፍሪሲዮኑ ፔዳል አዘመመ፤
ጎማው ተበልቶ አልቆ ብረቱ ሳስቷል፣
እንደ አሮጌ ሳንቲም መልኩ ተፍቆ ጠፍቷል።
"ቆጣሪ ይጠመዘዛል፤ ቀለምም ይገዛል፤
እግር የረገጠውን ግን ማን ይመልሳል?"

ልቤ ግን፣ አልዋሽም፣ ቀዩን እያየ ቀረ፤
ሃያ ኪሎ ሜትር ሙሉ አኮረፈ፣ አልተናገረ።

ሊዎካድያ ወጣች፣ የባሏን ካፖርት ደርባ፣
ፋኖስ ይዛ መራችን ወደ ጎተራው ጀርባ።
ሰማያዊ ዜቶር፣ ቀለሙ በፀሐይ የነጣ፣
ወንበሩ ላይ ዶሮ፣ ከእንቁላሏ የማትወጣ።
ዘጠና ጉልበት። ከቀዩ ያንሳል፤
የኔን ግን ሦስት እጥፍ ይሆናል።
"ሲነሣ ያስላል" አለች። "ዝናብ አይወድም።
የባሌ ነበር። እኔ መንዳት አልችልም።"

ዶሮዋን በብብቷ ይዛ ቁልፉን ሰጠችን።
አንዴ አሳለ። ሁለቴ። ነጭ ጢስ አለበሰን።
ከዚያ ጠራ፤ ድምፁ ተረጋግቶ ወረደ፣
ጣሪያው ላይ የከረመው በረዶ ተናደ።
ገርቫዚ ዘይቱን በጣቶቹ መካከል አሸ፤
ካምቢዮ፣ ሃይድሮሊክ፣ ጎንበስ ቀና ሲል መሸ።
(ገርቫዚ ከወደደው ዕቃ ጋር ነው የሚጣላ፤
ሲሳደብ ሰማሁት፣ ከሆዱ ሥር፣ ከኋላ።)

ከዚያ ደብተር አወጣች፣ ጠርዙ ዘይት የጠጣ፣
ሃያ ሁለት ዓመት በእርሳስ ሳያቋርጥ የመጣ፦
"ፊልትሮ ተቀየረ። ዘይት፣ ዐሥራ ሁለት ሊትር።
ድንች ተከልን። አጃው ታጨደ፣ በጥሩ አየር።
ሊዎካድያ ሆስፒታል ገባች። ዛሬ አልታረሰም።
የኋላ ጎማ፣ ሁለት። ርካሽ አይደለም።"
የመጨረሻው መስመር ላይ እጁ ተንቀጥቅጧል፤
"ቀኝ ፍሬን ይጎትታል።"
ከዚያ በታች ወረቀቱ ባዶውን ነጥቷል።

"ስልሳ ሁለት ሺህ ዝሎቲ" አለች። "ስልሳ" አልኳት፣ እንደ ወጉ።
"ስልሳ አንድ" አለች፣ እንደ ወጉ።
"ደብተሩስ?" ስላት ቆየች። አንድ ገጽ ቀደደች፤
የሆስፒታሉን። የቀረውን ለኔ ሰጠች።

ቤት ስንደርስ፣ የጎተራችን በር፣ ለፈረስ የተሠራ፣
አያቴ በክንዱ ለክቶ ያቆመው ሥራ፣
ዜቶሩን አላስገባ አለ። ጭስ ማውጫው ጉበኑን ነካ።
ሉትሲና በሩን አየች፤ እኔን በዓይኗ ለካ፤
"ስልሳ አንድ ሺህ ቆጥረህ፣ አንድ በር ሳትለካ?"

ትንሹ ከጥግ ያየናል። አልሸጥነውም፤
ትልቁ እርጥብ አፈር ይጫናል፣ ለድንች አይሆንም፤
ደግሞስ ማገዶ አለ፤ ሰበብ አይጠፋም።

ማታ እርሳስ ቀርጬ ደብተሩን ዘረጋሁ፤
ከማላውቀው ሰው እጅ በታች ብዙ አመነታሁ።
ከዚያ ጻፍኩ፦
"የካቲት ሃያ ሁለት። የጎተራው ጉበን በመጋዝ ተቆረጠ።
ቀኝ ፍሬን፣ እውነት ነው፣ ይጎትታል።"